የነጠላ ነጥብ ሕግ መለወጥ ነበረበት ወይ? በካናዳ ፉትቦል ላይ የቀረበ ክርክር

አወያይ፦
የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የካናዳ ፉትቦል ሊግ በሴፕቴምበር 2025 ካሳወቃቸው የሕግ ለውጦች መካከል ስለ ነጠላ ነጥብ፣ በተለምዶ ሩዥ ስለሚባለው አቆጣጠር የተወሰነው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጠቀማለን። አብዛኞቻችን ካናዳ የምንኖር ብንሆንም ጨዋታውን በቅርብ የማይከታተሉ አባላት ስላሉ በመጀመሪያ ሕጉን ላስቀምጥ።

በካናዳ ፉትቦል፣ ማለትም በሞላላ ኳስ በእጅም በእግርም በሚጫወቱት ጨዋታ፣ ታችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው ኤንድ ዞን፣ ማለትም ከጎል መስመሩ ኋላ ያለው የሜዳ ክፍል ውስጥ ማድረስ) 6 ነጥብ፣ ፊልድ ጎል (ኳሱን ለግቶ በጎል ቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍ) 3 ነጥብ ያስገኛል። ከእነዚህ ሌላ አንድ ቡድን የለጋው ኳስ፣ ፐንትም (ኳሱን ለተጋጣሚው በሩቁ ለማስረከብ የሚለጋ ምት) ይሁን የተሳተ ፊልድ ጎል፣ የተጋጣሚው ኤንድ ዞን ውስጥ ገብቶ ተጋጣሚው ከዚያ ማውጣት ካልቻለ፣ የለጋው ቡድን 1 ነጥብ ያገኛል። ኳሱን የያዘው ተጫዋች እዚያው ቢጣል፣ በፈቃዱ ቢንበረከክ፣ ወይም ኳሱ ማንም ሳይነካው በኤንድ ዞኑ ጎን ወይም ጀርባ ከሜዳ ቢወጣ እስከ 2025 ድረስ ውጤቱ ያው 1 ነጥብ ነበር። ፊልድ ጎሉ በአየር ላይ እያለ የጎሉን ቋሚ ከመታ ግን ነጥብ የለም።

በአዲሱ ውሳኔ ከ2026 ጀምሮ ማንም ሳይዘው በኤንድ ዞን አልፎ የወጣ ኳስ ነጥብ አያስገኝም። ነጥቡ የሚመዘገበው ኳሱን ያነሣው ተጫዋች ኤንድ ዞን ውስጥ ከተያዘ ወይም ከተንበረከከ ብቻ ነው። ከ2027 ጀምሮ ደግሞ የሜዳው ርዝመት ከ110 ወደ 100 ያርድ፣ የኤንድ ዞኑ ጥልቀት ከ20 ወደ 15 ያርድ ዝቅ ይላል፤ ዛሬ በጎል መስመሩ ላይ የቆሙት የጎል ቋሚዎችም ወደ ኤንድ ዞኑ ጀርባ ይሄዳሉ። ሁለቱን ለውጦች ለያይቶ መከራከር ይቻላል፣ አንድ ላይ ማየትም ይቻላል።

ከቶሮንቶ፦
እኔ የ2026ቱን ለውጥ ያለ ማመንታት እደግፋለሁ። ሁለት ቡድኖች አቻ ሆነው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዱ ለፊልድ ጎል ይሰለፋል፣ ለጊው ይስታል፣ ኳሱ ከቋሚዎቹ በስተግራ በኩል በአየር ላይ አልፎ ከሜዳ ይወጣል፤ በዚህም የሳተው ቡድን ያሸንፋል። ተከላካዩ ቡድን በዚያች ቅጽበት ሊያደርገው የሚችለው ምንም ነገር አልነበረም። ኳሱን ሊደርስበት አይችልም፣ ሊይዘው አይችልም፣ ሊመልሰው አይችልም። አንድ ቡድን ሊከላከለው በማይችለው ነገር ነጥብ ሊቆጠርበት አይገባም የሚል እምነት አለኝ።

በቅርቡ ከኢትዮጵያ የመጣ የአክስቴን ልጅ የቶሮንቶው ቡድን ወደሚጫወትበት ስታዲየም፣ ቢኤምኦ ፊልድ፣ ይዤው ሄጄ ነበር። ሦስት ሙከራ ብቻ እንዳለ፣ በእያንዳንዱ ወገን 12 ተጫዋች እንደሚሰለፍ፣ ኳሱ ወደ ፊት ሊወረወር እንደሚችል ሁሉ በቀላሉ ገባው። ዳኛው ከተሳተ ምት በኋላ አንድ ጣቱን ወደ ላይ ሲያነሣ ግን «አልገባም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልገባም አልኩት። «ታዲያ ለምን ተቆጠረ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ ያለኝ መልስ ታሪክ ብቻ ነበር፤ ታሪክ ደግሞ አንድ ሕግ ለምን እንደ ተጀመረ ይነግረናል እንጂ ለምን እንደሚቀጥል አይነግረንም።

ከዊኒፔግ፦
የቶሮንቶው ወንድሜ የጠቀሱት ሁኔታ በእርግጥ ይደርሳል፤ ሆኖም ሕጉን ሁሉ በዚያች አንዲት ቅጽበት መመዘን ትክክል አይመስለኝም። ነጠላ ነጥብ ለመሳት የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን መሬት ለመያዝ የሚሰጥ ዋጋ ነው። ቡድኑ ኳሱን እስከ ተጋጣሚው ኤንድ ዞን ሊያደርስ የቻለው ቀደም ሲል በሩጫና በቅብብል ሜዳውን ስለ ገፋ ነው። ከራሱ ጎል አጠገብ ተወሽቆ የሚለጋ ቡድን ሩዥ አያገኝም። ስለዚህ ነጥቡ የሚመዘግበው ከምቱ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች የትኛው ወገን ሌላውን ወደ ኋላ እንደ ገፋ ነው።

ይህ ሕግ ከጨዋታው አጥንት ጋር የተያያዘ መሆኑንም ማየት ይገባል። የካናዳ ፉትቦል ዋንጫ የሆነው የግሬይ ካፕ የመጀመሪያው ፍጻሜ በ1909 ሲደረግ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ፓርክዴልን 26 ለ 6 አሸነፈ፤ ከእነዚያ 26 ነጥቦች ውስጥ 8ቱን ሂዩ ጎል የተባለው ተጫዋች በነጠላ ነጥብ ብቻ አስቆጠረ። ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ያልተሰበረ የግሬይ ካፕ ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ በኋላ የጨዋታው ሌሎች ሕጎች በዚህች ነጥብ ዙሪያ ተገነቡ። አሜሪካኖች ኳስ መላሹ፣ ማለትም የተለጋውን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች፣ እጁን አንሥቶ «አልሮጥም፣ አትንኩኝ» እንዲል ይፈቅዱለታል፤ በካናዳ ይህ የለም። በምትኩ ተጋጣሚዎቹ ኳሱን እስኪነካው ድረስ 5 ያርድ ርቀው እንዲቆሙ ይገደዳሉ፣ እሱም ኳሱን ይዞ እንዲሮጥ ይገደዳል። ለጊው ራሱና በምቱ ጊዜ ከእሱ ኋላ የነበረ ማንኛውም ባልደረባው ኳሱን ሮጠው መልሰው መያዝ ይችላሉ። ኤንድ ዞኑ 20 ያርድ የጠለቀ፣ ሜዳው 65 ያርድ የሰፋ በመሆኑም መላሹ ለመሮጥ በቂ ቦታ አለው። እነዚህ ሁሉ ሕጎች አንድ ነገር ይላሉ፦ የተለጋ ኳስ ሕያው ኳስ ነው። ነጠላ ነጥብ ደግሞ መላሹ ይህን ኳስ ቸል እንዳይል የምታስገድደው ናት።

ለአሜሪካ መንገድ ያለን አድናቆት ሚዛናችንን እንዳያስተን እሰጋለሁ። በ1874 የሞንትሪያሉ መጊል ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ሃርቫርድ ድረስ ሄደው ሁለት ጨዋታ ሲያደርጉ ሃርቫርዶች የሞላላውን ኳስ አጨዋወት የተማሩት ከእነሱ ነበር። ሁለቱ አገሮች ከዚያ በኋላ መንገድ ለዩ፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸውን ጨዋታ ሠሩ። ካናዳ በራሷ መንገድ ያቆየችውን በማንም ግፊት መጣል የለባትም።

ከቶሮንቶ፦
የ1909ኙን ምሳሌ ማንሣትዎ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ለእኔ ክርክር ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ኳስ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር፤ ፈቃዱ በካናዳ የመጣው ከ1929 ጀምሮ ቀስ በቀስ ነው። ታችዳውንም 5 ነጥብ ነበር፤ 6 የሆነው በ1956 ነው። ምት ዋነኛው መሣሪያ በነበረበት ጨዋታ ምትን በነጥብ መቁጠር ምክንያት ነበረው። ዛሬ ሰው ስታዲየም የሚገባው ተወርዋሪ ኳስ ሲያዝ ለማየት ነው፣ ለጊው የተሻለ ፐንት እንዲለጋ አይደለም። የኤንድ ዞኑን ጥልቀት በተመለከተም በ1986 ከ25 ወደ 20 ያርድ ተቀንሷል። በዚያን ጊዜ ጨዋታው አልሞተም። ካናዳዊነቱንም አላጣም።

«ለመሬት የሚሰጥ ዋጋ» የሚለው አባባልዎ ጥሩ አባባል ነው፤ ነገር ግን መሬት የያዘ ቡድን ዋጋውን በሌላ መንገድ ያገኛል። ተጋጣሚው ከራሱ ጎል አጠገብ እንዲጀምር ይገደዳል፣ ይህ በራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። በፉትቦል የተካኑ አሰልጣኞች ኳሱን በጎን በኩል በተጋጣሚው 5 ያርድ ላይ ማስወጣትን ከ1 ነጥብ በላይ የሚመርጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ተከላካዮቹም አንዳንዴ በፈቃዳቸው ይንበረከካሉ፣ ነጥቧን ሰጥተው ሻል ካለ ቦታ ለመጀመር ሲሉ። ሁለቱም ወገን ብዙ የማይጓጓላት ነጥብ የጨዋታው ዓምድ ናት ማለት ያስቸግራል።

ከካልጋሪ፦
እስካሁን የቀረቡት ሐሳቦች የሚያተኩሩት ሕጉ ካናዳዊ ነው ወይስ አይደለም፣ ያረጀ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ነው። እኔ ደግሞ መታየት ያለበት ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ እሱም አዲሱ ሕግ ኤንድ ዞን ውስጥ የቆመውን ኳስ መላሽ ምን እንዲያደርግ ያስተምረዋል የሚለው ነው።

በአሮጌው ሕግ ሁኔታውን እንመልከት። ፐንት ተለግቶ ኤንድ ዞኑ ውስጥ 8 ያርድ ያህል ጠልቆ አረፈና ወደ ኋላ እየነጠረ ይሄዳል። መላሹ ቢተወውና ከሜዳ ቢወጣ 1 ነጥብ ይቆጠርበታል። ቢያነሣውና ቢጣል ያው 1 ነጥብ ይቆጠርበታል። ቢያነሣውና ቢያመልጥ ግን ምንም አይቆጠርበትም፣ ምናልባትም ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ታችዳውን ያስቆጥራል። እንግዲህ ኳሱን በማንሣቱ ከነጥብ አንጻር የሚያጣው ነገር የለም፤ ማትረፍ ግን ይችላል። ስለዚህ ይሮጣል። ተመልካቹም ተነሥቶ ይቆማል።

በአዲሱ ሕግ ያው ኳስ በዚያው ቦታ አረፈ እንበል። መላሹ ቢተወውና ከሜዳ ቢወጣ ምንም አይቆጠርበትም። ቢያነሣውና ቢጣል 1 ነጥብ ይቆጠርበታል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ኳሱን ለማንሣት የደፈረውን ይቀጣል፣ እጁን አጣጥፎ የቆመውን ግን በነጻ ያሰናብታል። አሰልጣኞች ሞኞች አይደሉም፤ ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ «ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ አትንካው» ብለው ያስተምራሉ። ሊጉ ለውጡን ያመጣሁት ጨዋታው ይበልጥ ሕይወት እንዲኖረው ነው ብሏል። እኔ ግን ይህች የለውጡ ክፍል ሕያው የነበረውን ኳስ ሙት እንዳታደርገው እፈራለሁ።

የቶሮንቶው ወንድሜ ያነሡት ቅሬታ፣ ማለትም ማንም ሊደርስበት በማይችል በአየር ላይ ባለፈ ኳስ ነጥብ መቆጠሩ፣ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። እሱን ለማስተካከል ግን ሌላውን ሁሉ ማፍረስ አያስፈልግም ነበር።

ከዋሽንግተን፦
እኔ የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ የምናገረው ከዚህኛው ወገን ያየሁትን ነው። እዚህ ኤንድ ዞን ውስጥ የገባ ፐንት ከሞላ ጎደል ያለቀ ነገር ነው። ኳሱ መሬት ሲነካ መላሹ ወደ ጎን ይላል፣ ዳኛው ያፏጫል፣ ኳሱ 20 ያርድ መስመር ላይ ይቀመጣል፣ ቴሌቪዥኑም ወደ ማስታወቂያ ይሄዳል። የካልጋሪዋ እኅታችን የገለጹት ስጋት እዚህ በየሳምንቱ የምናየው እውነታ ነው።

ስለ ጎል ቋሚዎቹም አንድ ነገር ላክል። የአሜሪካው ሊግ ቋሚዎቹን ከጎል መስመር ወደ ኤንድ ዞኑ ጀርባ የወሰደው በ1974 ነበር፤ አንዱ ምክንያት ፊልድ ጎል ከመጠን በላይ መብዛቱ ነው። ሊከበር የሚገባው ምክንያት ነው፤ ሜዳ መካከል የቆመ የብረት ቋሚ ለሯጭም ለተከላካይም አደጋ መሆኑም አይካድም። ስለዚህ ለካናዳ ወዳጆቼ የምለው ቋሚዎቹን ማንቀሳቀስ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ግን ከእሱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ነገር አስቀድማችሁ ተመልከቱ ነው።

ከሪጃይና፦
አብሮ የሚሄደውን ነገር እኔ ልናገር፤ ስለ 2026 ሁላችሁም ብዙ ስትሉ ትልቁ ጉዳይ 2027 ላይ ተቀምጧል።

ዛሬ ቋሚዎቹ ጎል መስመር ላይ ናቸው፣ ከኋላቸው ደግሞ 20 ያርድ ጥልቀት ያለው ሜዳ አለ። ስለዚህ የተሳተ ፊልድ ጎል ብዙ ጊዜ ከቋሚዎቹ አልፎ እዚያ ሜዳ ውስጥ ይወድቃል፣ የሚጠብቀውም ሰው አለ። ለፊልድ ጎል የተሰለፈው ቡድን ተጫዋቾች አብዛኞቹ ለለጊው ከለላ የሚሰጡ ግዙፍና ዘገምተኛ የመስመር ሰዎች ናቸው፤ ሮጠው ፈጣን መላሽን መያዝ ሥራቸው አይደለም። በዓለም ላይ በየትኛውም ፉትቦል የማይታይ ትዕይንት የሚወለደው ከዚህ ነው። በ2007 የቶሮንቶው ባሺር ሌቪንግስተን በሞንትሪያል ላይ የተሳተ ፊልድ ጎል ከኤንድ ዞኑ መጨረሻ አካባቢ አንሥቶ 129 ያርድ ሮጦ ታችዳውን አስቆጠረ። ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር ያለው ሜዳ 110 ያርድ ነው። ሰውየው ከሜዳው ርዝመት በላይ ሮጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ቋሚዎቹን ወደ ኤንድ ዞኑ ጀርባ እንውሰዳቸው። የተሳተ ፊልድ ጎል ወደ ቋሚዎቹ ደረጃ ሲደርስ ሜዳው አልቋል፤ በቂ ኃይል ያለው ኳስ ሁሉ ከሜዳ ይወጣል። የሚመለሰው ጎደሎ ምት ብቻ ይሆናል። እሱም ቢሆን በ15 ያርድ ጥልቀትና በ100 ያርድ ሜዳ ውስጥ ነው። የሌቪንግስተን ሩጫ በአዲሱ ሜዳ ላይ በስሌት እንኳ ሊደገም አይችልም፣ ከፍተኛው ርቀት 115 ያርድ አይሞላምና። ነጠላ ነጥብ በሕግ መጽሐፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሜዳው ላይ ግን የምትወለድበት ቦታ ይጠባል። ቁጣዬ ከዚህ የሚመነጭ ነው። አንድን ሕግ መሻር ከፈለጉ በግልጽ ይሻሩት፤ ለነጥቡ ሕይወት የሰጠውን መሬት ከሥሩ ቆርጠው «ነጥቡን አልነካነውም» ማለት ግን ለደጋፊ የሚገባ አነጋገር አይደለም።

የቶሮንቶው ወንድሜ «አቻ ሆነው ሰዓቱ ሲያልቅ» ያሉትም ሁኔታ ሁልጊዜ እሳቸው እንደገለጹት አይደለም። በ2010 ሞንትሪያልና ቶሮንቶ አቻ ሆነው ሴኮንዶች ሲቀሩ የሞንትሪያሉ ለጊ ዴመን ዱቫል ፊልድ ጎሉን ሳተ። ቶሮንቶዎች ይህን አስቀድመው ገምተው ኤንድ ዞን ውስጥ የራሳቸውን ለጊ አቁመው ነበርና ኳሱን ይዞ መልሶ ወደ ሜዳ ለጋው። ዱቫል ራሱ ያዘውና እንደገና ወደ ኤንድ ዞን ለጋው። ቶሮንቶዎች ለሁለተኛ ጊዜ ለግተው ሊያወጡት ሲሞክሩ ምቱ ከሸፈባቸው፣ አንድ የሞንትሪያል ተጫዋችም ኤንድ ዞን ውስጥ ኳሱ ላይ ወድቆ በታችዳውን አሸነፉ። ሁለት ቡድኖች ለአንዲት ነጥብ ሲሉ ኳስ እየተላለጉ ጨዋታው ሲያልቅ ያየ ሰው ይህ ሕግ አሰልቺ ነው ሊል አይችልም።

ከሃሚልተን፦
እኔ በትርፍ ጊዜዬ ታዳጊዎችን በማሠልጠን እረዳለሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከታች ልመልከተው። የታዳጊዎችና የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል በካናዳ የሚመራው በራሱ የሕግ መጽሐፍ ነው፣ ነጠላ ነጥብም እዚያ አለች። የባለሙያዎቹ ሊግ በራሱ ፈቃድ ሜዳውንና ሕጉን ሲለውጥ ትምህርት ቤቶችና ከተሞች የመረጡት ነገር ሳይኖር ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ይገደዳሉ፦ ወይ ተከትለው መስመሮቹን እንደ አዲስ ይቀባሉ፣ ቋሚዎቹን ነቅለው ይተክላሉ፣ ወይም ልጆቹ ካደጉ በኋላ የማይጫወቱትን ጨዋታ እያስተማሩ ይቀጥላሉ። ቋሚ መንቀል ኮንክሪት መስበር ነው፣ ኮንክሪት መስበርም የከተማ በጀት ይጠይቃል።

ከልጆቹ ጋር የማየውንም ልንገራችሁ። የ13 ዓመት ልጅ ኤንድ ዞን ውስጥ ብቻውን ይቆማል። ኳሱ ዝናብ በጠገበ ሣር ላይ ወርዶ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም፤ ሞላላ ኳስ ነውና አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ልጁ በደረቱ አፍኖ ሊይዘው ዝቅ ይላል፣ 5 ያርድ ላይ ደግሞ ሦስት ተጋጣሚዎች እግራቸውን እያወዛወዙ ይጠብቁታል። እዚያች ቦታ ላይ ሩጥ፣ ለግተህ አውጣ፣ ወይም ተንበርከክ የሚለውን ውሳኔ ልጁ ራሱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ይወስናል። ከጎን መስመር ጮኼ ልረዳው አልችልም። አንድ ልጅ ጨዋታን ማንበብ የሚማረው እዚያ ነው። ለዚህ ሲባል ነጥቧ እንድትቆይ እፈልጋለሁ፣ የካልጋሪዋ እኅታችን እንዳሉት ግን ኳሱን መተው ትርፍ በሌለው መንገድ መሆን አለበት።

ከቶሮንቶ፦
የሪጃይናውና የሃሚልተኑ ወንድሞቼ ያቀረቡት ክብደት አለው፤ ሆኖም የሜዳውን ጉዳይ ያለ ስታዲየሞቹ ማየት አይቻልም። ቢኤምኦ ፊልድ ለእግር ኳስ የተሠራ በመሆኑ የኤንድ ዞኑ ጥልቀት 20 ሳይሆን 18 ያርድ ነው። በሞንትሪያሉ የፐርሲቫል ሞልሰን ስታዲየም የኤንድ ዞኑ ማዕዘኖች የተቆረጡ ናቸው። ሊጉ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ከተሞች ሲስፋፋም ሜዳው ስታዲየሞቹ ውስጥ አልገባ ብሎ ተቸግሮ ነበር፣ በሜምፊስ ኤንድ ዞኑ ከግማሽ በታች ተቆርጦ ነበር የተጫወቱት። ነጠላ ነጥብ የምትቆጠርበት መሬት ከከተማ ከተማ የሚለያይ ከሆነ ፍትሕ የት አለ? 15 ያርድ በሁሉም ስታዲየም እኩል ሊሠመር ይችላል። ለአንድ ሊግ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሊጉ ኮሚሽነር ስቱዋርት ጆንስተን ከዚህ በፊት የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ሁሉን ለቴሌቪዥን ብለው ነው የሚል ሐሜት ይሰማል። ቢሆንስ? ዘጠኝ ቡድን ያለው ሊግ በትኬት ብቻ አይኖርም። አዲስ ተመልካች ካልመጣ የምንከራከርበት ጨዋታ ራሱ አይኖርም።

ከዊኒፔግ፦
አዲስ ተመልካች ይምጣ፣ ማንም አይጠላም። ጥያቄው አዲሱ ተመልካች ለምን ይመጣል የሚለው ነው። ሜዳው 100 ያርድ፣ ቋሚዎቹ ከኋላ፣ የወጣ ኳስ ሙት ከሆነ፣ ያው ተመልካች እሑድ ከሰዓት በኋላ የአሜሪካውን ሊግ በቴሌቪዥን በተሻለ ዝግጅት ያገኘዋል። የቫንኩቨሩ ቡድን ቢሲ ላየንስ ተጫዋች የሆነው ካናዳዊው ናታን ሩርክ ውሳኔው በወጣ ጊዜ በይፋ ተቃውሞውን ያሰማው ጨዋታው ወደ አሜሪካው እየተጠጋ ነው በሚል ነበር። እሱ ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ታችዳውን ቢበዛ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው እሱ ነበር። በዚህ ለውጥ ሊጠቀም የሚችል ሰው ሲቃወም መስማት ይገባል።

«የሳተ ለምን ይሸለማል» ለሚለው ደግሞ አውስትራሊያን እንመልከት። በአውስትራሊያ ፉትቦል ጎል 6 ነጥብ ነው፤ ኳሱ ከዋናዎቹ ቋሚዎች ወጥቶ በጎን ቋሚዎቹ መካከል ካለፈ 1 ነጥብ ይቆጠራል። በ1966ቱ የፍጻሜ ጨዋታ ሴንት ኪልዳ ኮሊንግዉድን 74 ለ 73 ያሸነፈው በዚያች አንድ ነጥብ ነው። ክለቡ በታሪኩ ያገኘው ብቸኛ ዋንጫም ያው ነው። አንድም የሴንት ኪልዳ ደጋፊ ዋንጫችን በስህተት የተገኘ ነው ብሎ ሲያፍር አልሰማሁም። አውስትራሊያዎችም ሕጉን ለውጭ ሰው ለማስረዳት ከባድ ነው ብለው አልሰረዙትም።

ከካልጋሪ፦
የአውስትራሊያው ምሳሌ ጥሩ ቢሆንም አንድ ልዩነት አለው። እዚያ ያቺ አንድ ነጥብ የተወሰነ በር አላት፤ ከጎን ቋሚዎቹም ውጭ ያለፈ ኳስ ምንም አያስገኝም። የእኛ አሮጌ ሕግ ግን በአየር ላይ የትም ያለፈውን ሁሉ ይቆጥር ነበር፣ የቶሮንቶው ወንድሜ የተቃወሙትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ፐንትም ይሁን የተሳተ ፊልድ ጎል መሬት ሳይነካ ከኤንድ ዞኑ አልፎ ከወጣ ነጥብ አይቆጠር። ሜዳው ውስጥ ወይም ኤንድ ዞኑ ውስጥ መሬት ነክቶ ከወጣ ግን 1 ነጥብ ይቆጠር፣ ምክንያቱም መላሹ ሊደርስበት ይችል ነበርና። ኳሱን አንሥቶ የተያዘ ወይም የተንበረከከም እንደ ድሮው 1 ነጥብ ይቆጠርበት። በዚህ መንገድ ማንም ሊከላከለው በማይችለው ነገር አይቀጣም፣ ኳሱን ትቶ በመቆም የሚተርፍም አይኖርም። ለዳኞችም ቢሆን አስቸጋሪ አይደለም፤ ኳስ መሬት ነካ አልነካ የሚለውን በየጨዋታው በሌላ ምክንያት ሲወስኑት ይውላሉ።

ከቶሮንቶ፦
ይህን ሐሳብ ልቀበለው እችላለሁ፣ ከአሮጌው ሕግ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ብልህ ለጊ ኳሱን ኤንድ ዞኑ ማዕዘን ላይ አንዴ አንጥሮ ለማስወጣት ይለማመዳል፤ ያኔም መላሹ ሊደርስበት አይችልም።

ከካልጋሪ፦
ይለማመድ። ከ45 ያርድ ርቀት፣ በኖቬምበር የካልጋሪ ነፋስ፣ ሞላላ ኳስን ማዕዘን ላይ አንጥሮ ማስወጣት ችሎታ ነው፤ አንዲት ነጥብም ይገባዋል። በአየር ላይ አሳልፎ መስደድ ጉልበት ብቻ ይጠይቃል፣ ያኛው ግን ልክ ይጠይቃል። ተከላካዩም በበኩሉ ማዕዘኑን የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ማቆም ይችላል፤ ያን ካደረገ ደግሞ ከፊት የሚያግድለት አንድ ሰው ይጎድለዋል። ለሁለቱም ወገን ምርጫ ሲኖር ጨዋታ አለ።

ከሪጃይና፦
የካልጋሪዋ እኅታችንን ሐሳብ እኔም እደግፋለሁ፤ የሚሠራው ግን መሬቱ ካለ ነው። ቋሚዎቹ ጀርባ ላይ ከሆኑ ኤንድ ዞኑ ውስጥ መሬት የሚነካ የተሳተ ፊልድ ጎል ከጎደሎ ምት በቀር አይኖርምና ሕጉ ለፐንት ብቻ የሚያገለግል ይሆናል። የስታዲየሞቹን ችግር በተመለከተ ለቶሮንቶው ወንድሜ የምመልሰው 18 ያርድ ያለው ስታዲየም 18 ይኑረው፣ 20 ያለው 20 ይኑረው ነው። ቡድኖቹ ከ2016 ጀምሮ በቢኤምኦ ፊልድ እንዲያ ሆነው ሲጫወቱ ማንም ዋንጫ ተሰረቀብኝ አላለም። ሁሉን እኩል ለማድረግ ሲባል ሁሉን ማሳጠር አያስፈልግም።

ስለዚህ ከሊጉ የምጠይቀው ተጨባጭ ነገር አለ። የ2026ቱ ሕግ በሥራ ላይ የሚውልበት የውድድር ዘመን ተጠናቅቆ፣ መላሾች ስንቱን ኳስ እንዳነሡ፣ ስንቱን ዝም ብለው እንዳሳለፉ ለሕዝብ ሳይገለጽ የ2027ቱ ቋሚዎች አይነቀሉ። ውሳኔው ተጫዋቾችና አሰልጣኞች በሚገባ ሳይመከሩበት ከላይ የመጣ ነው፤ ሩርክን የመሰሉ ተጫዋቾች ያሰሙት ቅሬታም አንዱ ይኸው ነው። ሕግ በወረቀት ላይ የተጻፈ ነውና ከዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል። የተነቀለ ቋሚና ወደ እግር ኳስ መቀመጫ የተለወጠ ኤንድ ዞን ግን አይመለስም።

አወያይ፦
የካልጋሪዋ አባላችን ያቀረቡት ሐሳብና የሪጃይናው አባላችን ያቀረቡት ጥያቄ ሁለቱም ለየብቻ ድምፅ እንዲሰጥባቸው ከነገ ጀምሮ ይቀርባሉ። የቶሮንቶው አባላችን ስለ ሜዳ እኩልነት ያነሡት ነጥብ ከድምፁ በፊት በዝርዝር እንዲጻፍልን እንጠይቃለን፤ በተለይ የኤንድ ዞኑን 15 ያርድ መሆን የሚደግፉት ከቋሚዎቹ መንቀሳቀስ ጋር ነው ወይስ ቋሚዎቹ ባሉበት ሆነው የሚለውን ቢለዩልን።

ከቶሮንቶ፦
አሁኑኑ ልለየው። 15 ያርዱን እደግፋለሁ። ቋሚዎቹ ግን ጎል መስመሩ ላይ ቢቆዩ እመርጣለሁ፤ ያኔ የሪጃይናው ወንድሜ የሚያዝኑለት ሩጫ ያጥራል እንጂ አይጠፋም።

ከሪጃይና፦
በ15 ያርድ እንለያያለን፣ በቋሚዎቹ ግን ተስማምተናል። በዚህ ላይ የሁለታችንንም ድምፅ ቁጠሩት።